ቀለሙ ከላይ ይጀምራል

ኦክቶበር ሲገባ ዲሲ አካባቢ ከምንኖር ጓደኛሞች አንዱ «ቅጠሉን ለማየት የትኛው ቅዳሜ ይሻላል?» ማለቱ አይቀርም። ቅዳሜውን ተዉትና ከፍታውን ጠይቁኝ። ስካይላይን ድራይቭን የመሰለ መንገድ አጠገባችሁ እያለ ቀን መምረጥ የሥራው ግማሽ ነው፤ ቀሪው ግማሽ ተራራው ላይ የት ድረስ መውጣት እንዳለባችሁ ማወቅ ነው።

መንገዱ ቨርጂኒያ ውስጥ የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክን በብሉ ሪጅ ሸንተረር አናት አናቱን ይዞ 105 ማይል ይዘልቃል። ሰሜናዊው መግቢያ ፍሮንት ሮያል ከዋሽንግተን ቢርቅ 70 ማይል ያህል ነው፤ ሃይዌይ 66ን ይዞ ወደ ምዕራብ መንዳት ነው። መግቢያው ላይ ከባሕር ወለል በላይ 200 ሜትር ገደማ ናችሁ። ማይል 42 አጠገብ ስካይላንድ ስትደርሱ 1,120 ሜትር ሆናችኋል፤ ከመንገዱ ሁሉ ከፍተኛው ቦታ ያ ነው። ይህ የ900 ሜትር ልዩነት አየሩን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያቀዘቅዘዋል። ጣርማ በር ላይ ጃኬቱን ቆልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ያወለቀ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ቅጠሉም ይህንኑ ደረጃ ይከተላል። አናቱ ላይ ያለው ሜፕል እሳት ሲመስል፣ እግርጌው ላይ ያለው ወንድሙ ገና አረንጓዴ ነው። ከቀናት በኋላ ላይኛው ይራገፍና ተራው የታችኛው ይሆናል። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ከመጣችሁ ወደ ስካይላንድና ወደ ቢግ ሜዶውስ ውጡ፤ ከዘገያችሁ ደግሞ ዝቅ ባሉት መግቢያዎች አካባቢ ቆዩ። በአብዛኛው ዓመት ቀለሙ የሚደምቀው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ መጨረሻው ባለው ጊዜ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት ከገባ በኋላ ማለት ነው።

ግን ቅጠሉ ለምን ይቀላል? ብዙ ሰው ብርዱ ነው ይላል። ብርዱ ያግዛል እንጂ የመጀመሪያውን ምልክት የሚሰጠው የሌሊቱ መርዘም ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በሰኔ ረጅሙ ቀን በታኅሣሥ ካለው አጭሩ ቀን ከአምስት ሰዓት በላይ ይበልጣል። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። እኛም አገር ቅጠላቸውን የሚያራግፉ ዛፎች አሉ፤ የመተማ ቆላ የዕጣን ዛፍ በበጋ ራቁቱን ይቆማል። እሱን የሚያራግፈው ግን ድርቁ ነው።

ሌሊቱ ሲረዝም ዛፉ መሰብሰብ ይጀምራል። ቅጠሉን አረንጓዴ ያደረገው ክሎሮፊል በሞቃቶቹ ወራት ሁሉ እየፈረሰ እየተሠራ የኖረ ነው፤ አሁን መሥራቱ ይቀራል። ዛፉ ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ለከርሞ ወደ ግንዱ ይመልሳል፤ አረንጓዴው ሲሳሳም ሥሩ ተደብቆ የኖረው ቢጫ ብቅ ይላል። ካሮትን ብርቱካናማ ከሚያደርገው ቀለም ጋር የአንድ ወገን ነው። ቢጫው አዲስ አይደለም፣ ድሮም እዚያው ነበር።

ቀዩ ነው የሚገርመው። እሱ ከዚህ በፊት ያልነበረ፣ ዛፉ ልሰናበተው ባለው ቅጠል ውስጥ ስኳር አውጥቶ አዲስ የሚሠራው ቀለም ነው፤ ቀይ ሽንኩርትን ከሚያቀላው ጋር ይዛመዳል። ሊወድቅ ለተቃረበ ቅጠል ይህን ያህል ወጪ ለምን? ከሚሰጡት ማብራሪያዎች ጠንከር ያለው፣ ቀዩ ቀለም ንጥረ ነገሩ ተጓጉዞ እስኪያልቅ ድረስ ቅጠሉን ከፀሐይ ይከላከልለታል የሚለው ነው። ራሳችሁ ልታዩት የምትችሉት ፍንጭም አለ። መኪናችሁን አቁማችሁ አንድ የቀላ የሜፕል ቅጠል አንሡ። ሌላ ቅጠል ተደርቦበት ከነበረ፣ የተሸፈነው ቦታ ቢጫ እንደሆነ ቀርቶ የላይኛው ቅጠል ቅርፅ ታትሞበት ታገኙታላችሁ። ብርሃን ያልነካው አይቀላም። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ውርጭ ሳይጥል የቆየ ሳምንት ቀዩን የሚያደምቀውም ለዚህ ነው። ዝናብና ደመና የበዛበት ዓመት ይደበዝዛል፤ ድንገተኛ ውርጭ ደግሞ ቅጠሉን ገድሎ ቡናማ ያደርገዋል።

እውነቱን ለመናገር ሼናንዶዋ እንደ ቨርሞንት ከዳር እስከ ዳር ቀይ አይሆንም። ደኑ በአብዛኛው ኦክና ሂኮሪ ነው፤ ሂኮሪው ወርቃማ፣ ኦኩ የቆዳ ቀለም ያለው ቡናማ ቀይ ይሆናል። ድሮ እዚህ ቼስትነት የሚባለው ታላቅ ዛፍ በብዛት ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከውጭ የገባ የፈንገስ በሽታ ፈጀውና ኦክ ቦታውን ወረሰ። ለእኔ ይሄ ድብልቅልቁ ከቨርሞንቱ ይበልጥብኛል፤ ጣዕም ነው እንግዲህ።

ደኑ ያልተነካ የጥንት ጫካ እንዳይመስላችሁ። መንገዱ በ1931 ሲጀመር ሸንተረሩ እርሻ፣ ግጦሽና የፖም ማሳ ነበረበት። ቨርጂኒያ መሬቱን ለፓርኩ ስትወስድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተነሡ፤ የመቃብር ቦታዎቻቸው ዛሬም ዛፉ መሃል አሉ። የመንገዱን ዳር የድንጋይ አጥር የካቡት በኢኮኖሚው ቀውስ ጊዜ መንግሥት የቀጠራቸው ወጣቶች ናቸው። ፓርኩን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1936 መረቁት። ማይል 57 ተኩል ላይ ያለው ሉዊስ ማውንቴን በ1939 ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ የተከፈተ ማረፊያ ነበር፤ መለያየቱ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። ዛሬ ሰው ድንኳኑን ተክሎ የሚያድርበት ሰላማዊ ቦታ ነው፤ እዚያ ስታቆሙ ይህንንም እወቁት።

አሁን ስለ መንዳቱ። የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 35 ማይል ነው፤ ሚዳቋም ድብም ድንገት ስለሚያቋርጥ አክብሩት። ሳትቆሙ ብትነዱ እንኳ ሙሉው መንገድ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ መመልከቻ ቦታዎቹ ወደ 70 ስለሆኑ ደግሞ ሳይቆሙ ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ አንድ ክፍል ምረጡ። እኔን ከጠየቃችሁ በቶርንተን ጋፕ መግቢያ ግቡና ወደ ደቡብ ታጠፉ። ወዲያው ማይል 32 ላይ ከአለት የተፈለፈለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ይቀበላችኋል፤ ከዚያ እስከ ቢግ ሜዶውስ ያለው ከፍተኛው ክፍል ነው። ምሳችሁን ቤት ቋጥሩ፤ በኦክቶበር ቅዳሜና እሑድ መኪናው ከመግቢያው ጀምሮ ስለሚሰለፍ ከቻላችሁ በሥራ ቀን፣ ካልቻላችሁ በጠዋት ድረሱ። የመኪና መግቢያ ክፍያው ለሰባት ቀን ስለሚያገለግል ደረሰኙን አትጣሉት።

ፎቶ ለምታነሱ፦ ሸለቆውን ስታነሱ ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን። ቅርብ ያለውን ቅጠል ግን ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መልሳችሁ አንሡት፤ ብርሃኑ በውስጡ ሲያልፍ ነው ቀለሙ የሚበራው።

105ኛው ማይል አልቆ ገና ያልጠገበ ካለ፣ ሮክፊሽ ጋፕ ላይ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ይቀጥላል፤ 469 ማይል፣ እስከ ሰሜን ካሮላይና ቼሮኪ ድረስ፣ ያለ መግቢያ ክፍያ። ብቻ የሰሜን ካሮላይናውን ክፍል በ2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ክፉኛ ጎድቶታል፤ ወደዚያ ከማምራታችሁ በፊት የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ አጣሩ።