ምግብም መድኃኒትም፦ የጤና አዳም፣ የአብሽ፣ የፌጦና የግብጦ ልክ የቱ ጋ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሺንግተን፣ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ፍራንክፈርት በሚጓዝ ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ብዙ ጊዜ ትንንሽ ጥቅሎች ይገኛሉ። አንዱ አብሽ ነው፤ ሌላው ፌጦ፣ ሌላው ደግሞ የደረቀ የጤና አዳም ፍሬ። የሚልኩት እናት "ይህ ለወጥ ይሆናል፣ ሆድ ሲቆርጥም ጥሩ ነው" ብለው ያስረዳሉ። በአንድ ጥቅል ውስጥ ቅመምም መድኃኒትም አለ።

በኢትዮጵያ ጓዳ ውስጥ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ጥብቅ ድንበር ኖሮ አያውቅም። ልማዱ ባሕር ሲሻገር ግን አዲስ ጥያቄ ይገጥመዋል። በባዕድ ሀገር የሚያክመው ሐኪም አብሽ ለአራስ እንደሚሰጥ ላያውቅ ይችላል። ታካሚውም "ምግብ ነው" ብሎ ስለሚያስብ አይነግረውም። ከዚህ ዝምታ የሚመጣው ጉዳት አንዳንዴ ቀላል አይደለም።

ጤና አዳም፦ ከቡና ስኒ ባሻገር

የእጽዋት ተመራማሪዎች ሩታ ቻሌፔንሲስ የሚሉት ጤና አዳም በብዙ ኢትዮጵያውያን ጓሮ የሚበቅል፣ ሽታው ከሩቅ የሚለይ ተክል ነው። ለጋ ቅጠሉ በቡና ስኒ ውስጥ ይነከራል፤ ለአይብም ጣዕም ይሰጣል። ፍሬው ደግሞ በርበሬ ሲዘጋጅ ከኮረሪማና ከሌሎች ቅመሞች ጋር ይገባል። በባህላዊ ሕክምና ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ለሆድ ቁርጠት ሲሆን፣ ቅጠሉ ከቡና ወይም ከሻይ ጋር ፈልቶ ይጠጣል።

በስኒ ላይ የሚንሳፈፍ አንድ ቀንበጥና ተጨምቆ በብርጭቆ የሚጠጣ ጭማቂ ግን አንድ አይደሉም። የጤና አዳም ዘይት ኃይለኛ ነው፤ በብዛት ሲወሰድ ማሕፀን እንዲኮማተር ሊያደርግ፣ ጉበትንና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴቶች በመድኃኒት መልክ እንዳይወስዱት ይመከራል።

ሌላም ጉዳይ አለ። ቅጠሉ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶችን ይዟል። ጭማቂው የነካው ቆዳ ለፀሐይ ሲጋለጥ እንደ ቃጠሎ ሊቀላና ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ቅጠሉን በብዛት የቆረጠ ወይም የጨመቀ ሰው ወደ ፀሐይ ከመውጣቱ በፊት እጁን በሳሙና መታጠብ ይኖርበታል።

አብሽ፦ የአራስ ቤት መጠጥ

አብሽ ቅቤ ሲነጠር ከኮሰረት፣ ከኮረሪማና ከእርድ ጋር ይጨመራል። ለመጠጥ ሲሆን ዝግጅቱ ይለያል። ዱቄቱ በውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ መራራው ውሃ በተደጋጋሚ እየተደፋ ይለወጣል፤ ከዚያም ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ተመትቶ በማር ይጣፍጣል። ለአራስ እናት "ወተት ያመጣል"፣ ለጨጓራ ሕመምተኛ ደግሞ "ያለሰልሳል" ተብሎ ይሰጣል።

ከዚህ እምነት ጀርባ በሳይንስ የተጠና ነገር አለ። የአብሽ ፍሬ ውሃ ሲያገኝ ወደ ዝልግልግ ነገር በሚለወጥ የአሰር ዓይነት የበለጸገ ነው። ይህ አሰር በአንጀት ውስጥ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ለስኳር ሕመምተኞች ይጠቅማል የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በላዩ ላይ አብሽ አዘውትሮ ቢጠጣ የደሙ ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊያስከትልም ይችላል።

አብሽ የሰውን ላብና ሽንትም በልዩ ጣፋጭ ሽታ ያውዳል። ሽታው ሰሜን አሜሪካውያን ከሜፕል ዛፍ ከሚያዘጋጁት ሽሮፕ ጋር ይመሳሰላል። በዚሁ ሽሮፕ ስም የሚጠራ፣ በዘር የሚተላለፍ ብርቅና አደገኛ የሕፃናት በሽታ ደግሞ አለ፤ አንዱ ምልክቱም ይኸው የሽንት ሽታ ነው። እናቶቻቸው ከመውለዳቸው በፊት አብሽ የወሰዱ ጤናማ ጨቅላዎች በዚሁ በሽታ መጠርጠራቸው በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። እናት "አብሽ ጠጥቻለሁ" ብላ ብትናገር ሐኪሙ የሽታውን ምንጭ ቶሎ ይረዳል፤ ቤተሰቡም ከከባድ ድንጋጤ ይድናል።

ፌጦ፦ ሲደቆስ የሚነቃ ኃይል

ፌጦ ትንሽ ቀላ ያለ ፍሬ ሲሆን ተደቁሶ በውሃ፣ በሎሚና በጨው ይበጠበጣል፤ እንጀራ ተፈትፍቶበትም ይበላል። በየቤቱ ለሆድ ሕመም፣ ለጉንፋንና ለቆዳ ችግር ሲያገለግል ኖሯል።

ፍሬው ደረቅ ሳለ እምብዛም አይሸትም። ሲደቆስና ውሃ ሲነካው ግን በውስጡ ተለያይተው የተቀመጡ ንጥረ ነገሮች ይገናኛሉ፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ውህድም ያኔ ይፈጠራል። የሰናፍጭ ኃይል የሚመጣውም በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ሁለቱ ተክሎች የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸውና። ይህ ውህድ ተሕዋስያንን የመግታት ባሕርይ ያለው ቢሆንም ቆዳንም ይለበልባል። በተለይ በሕፃናት ገላ ላይ ለረጅም ሰዓት ተለጥፎ የሚቆይ ፌጦ ቁስል ሊያስከትል ይችላል። ጨጓራው የቆሰለ ሰውም በባዶ ሆዱ ቢወስደው ሕመሙ ሊብስበት ይችላል።

ግብጦ፦ ትዕግሥት የሚጠይቅ ምግብ

በጎጃምና በአዊ አካባቢ በስፋት የሚመረተው ግብጦ የጓዳን ጥበብ ከሁሉም በላይ ያሳያል። ፍሬው በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ ነገር ግን አልካሎይድ የሚባሉ መራራና መርዛማ ውህዶችን ይዟል። ስለዚህ ከተቆላ በኋላ ለቀናት በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ውሃውም እየተለወጠ ምሬቱ እስኪለቅ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ተልጦ ይበላል። አረቄም ይወጣበታል።

አንዳንዶች ግብጦን ለደም ግፊት ይወስዱታል። "መራራው ነው መድኃኒቱ" በሚል ሳይዘፈዘፍ መውሰድ ግን አደገኛ ነው። አፍ መድረቅ፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ማዞርና የልብ ምት መፍጠን የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። እዚህ ላይ መዘፍዘፉ ለጣዕም ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ መርዙን ከምግቡ የሚለየው እሱ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች ግብጦና ዘመዶቹ አለርጂ ሊያስነሡ ስለሚችሉ በምግብ ማሸጊያ ላይ የግድ እንዲጠቀሱ ከሚታዘዙት 14 የምግብ ዓይነቶች መካከል ናቸው። ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ግብጦም ሆነ አብሽ ሊያስቸግረው ይችላል።

ለሐኪም ምን ይነገር?

"ሲበዛ ማር ይመራል" የሚለው ብሂል የእነዚህን ተክሎች ጉዳይ ጠቅልሎ ይይዛል። ወጥ ውስጥ የሚገባው ቁንጥር፣ በስኒ የሚነከረው ቀንበጥ፣ ለቀናት የሚለወጠው ውሃ ሁሉም መጠንን የሚጠብቁ ልማዶች ናቸው። ተክሉ ከድስቱ ወጥቶ ብቻውን በብዛት ሲወሰድ ግን ይህ ጥበቃ ይቀራል።

በመሆኑም ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የታዘዘላቸውና ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሰዎች ምግብ ነው ብለው ሳይንቁ ለሐኪማቸው መንገር ይገባቸዋል። የታዘዘ መድኃኒት አቋርጦ በእነዚህ መተካትም አይመከርም።

ስሙን በባዕድ ቋንቋ ማወቅ ይረዳል። አብሽ በእንግሊዝኛ ፌኑግሪክ፣ በዐረብኛ ሑልባ ይባላል። ፌጦ ጋርደን ክሬስ ሲሆን ዐረቦች ረሻድ ይሉታል። ጤና አዳም በእንግሊዝኛ ሩ፣ በዐረብኛ ሰዳብ ነው። ግብጦ ደግሞ ሉፒን፣ በዐረብኛም ተርሙስ ነው።

ጥቅሉን የሚልኩት እናት ይህንን ስም በላዩ ላይ ቢያስጽፉበት፣ ተቀባዩ ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚለው አያጣም።