ሌሊት የሚያስለው ልጅና ፍራሹ

ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ክረምት ሲገባ ሌሊቱን ሲያስለውና ደረቱ ሲያፏጭ የሚያድር ልጅ «ብርድ መቶት ነው» ይባልና ጋቢ ይደረብለታል። እኛም ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ እያየን እንዲሁ ስንል ኖረናል። አንዳንዴ ግን ጣጣው ያለው ከጋቢው ነው።

ውድ አንባብያን፣ በፍራሽ፣ በትራስና በምንጣፍ ውስጥ ከገላችን የሚረግፈውን ቆዳ እየበላች የምትኖር፣ በዓይን የማትታይ የአቧራ ተባይ አለች። እርጥበት ይስማማታል። አትነክስም፤ የሚጎዳው በተለይ ኩሷ ነው። የአንዳንዱ ሰው ሰውነት ይህን እንደ ጠላት ቆጥሮ አይ ጂ ኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል። ዳግመኛ ሲተነፍሰው ሂስታሚን ይለቀቃል፤ የአየር ቧንቧው ያብጣል፣ ይጠባል።

በአገራችን ጉዳዩ ጅማ ላይ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዘ ላንሴት ላይ የወጣው ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ አገኘ፤ ቆዳቸው ሲፈተን ለተባይዋ የሚቆጣ ሰዎች ግን ገጠርም ነበሩ።

አንሶላን በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውሃ ማጠብ፣ መስገጃና ምንጣፍን ልጁ በሌለበት ደጅ ማራገፍ ይረዳል። ብቻውን ግን አይበቃም። ሳልቡታሞል የጠበበውን ቧንቧ ይከፍታል፤ ቤክሎሜታሶን በየቀኑ ሲወሰድ እብጠቱን ያበርዳል። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚባለው ወሬ ሐሰት ነው። ልጁ መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሌሊትም ቢሆን ንጋትን ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።