ክሩ ከመርፌው አልገባ ሲል

ለመሆኑ ዓይንዎን በሐኪም ያስመረመሩት መቼ ነው? ልጅዎ ሲያተኩሰው ሌሊቱን ይዘውት የሚሮጡት እናት፣ ነገሩ የራስዎ ሲሆን «ሲመቸኝ እሄዳለሁ» ብለው እንደሚያልፉት እገምታለሁ።

ዕድሜ ወደ 40 ሲጠጋ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ የመለጠጥ ችሎታውን እያጣ ስለሚሄድ ቅርብ ያለውን ማየት ያስቸግራል። ምስር ሲለቅሙ ጠጠሩ ያመልጣል፤ ክር ከመርፌ ቀዳዳ አልገባ ይላል፤ ጋዜጣም ራቅ ተደርጎ ካልተያዘ አይነበብም። ብዙዎቻችን «እርጅና መጣ» ብለን ልጆቻችንን ክር እናስገባለን እንጂ መነጽር አንጠይቅም።

ጉዳዩ ከቤት ሥራም ያልፋል። በህንድ አገር በአሳም ግዛት ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ 751 የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች በተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ጥናት፣ መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች የምርት ዕድገት ካልተሰጣቸው በ22 በመቶ ያህል በልጦ ተገኝቷል። በልብስ ስፌት፣ በቡና ለቀማና በሂሳብ መዝገብ ላይ ለሚውሉት እህቶቻችን አሠሪዎች ይህ ምን ማለት ነው?

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ሳይሰማ የሚመጣው ነው። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ሳያሳምም የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፤ አስቀድሞም የጎን ዕይታን ይቀንሳል። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፤ በግላኮማ የጠፋ ዕይታ ግን አይመለስም። በጊዜ ከተደረሰበት ቀሪውን በጠብታ መድኃኒት ወይም በቀዶ ሕክምና ማቆየት ይቻላል። ስለዚህ ዕድሜዎ 40 ከሞላ፣ ይልቁንም ከቤተሰብዎ ግላኮማ የያዘው ካለ፣ «ደኅና አያለሁ» ብለው አይቅሩ። የስኳር ሕመም ካለብዎማ በየዓመቱ ነው። ምርመራውም ፊደል ከማንበብ አልፎ የዓይን ግፊት መለካትንና የዓይንን የውስጥ ጀርባ መመልከትን ይጨምር፤ መነጽር ቤት ደርሶ መመለስ ይህን አይተካም።

ወጪው ከደመወዝ ጋር እንደማይመጣጠን የታወቀ ነው። እንግዲህ የመሥሪያ ቤትዎን የሕክምና ውል ወይም የኅብረት ስምምነት አስወጥተው ያንብቡ። «ሕክምና» የሚለው ቃል ብቻውን መነጽርን ላያካትት ይችላልና፣ ምርመራውም የመነጽሩም ዋጋ ተለይቶ መጻፉን ይመልከቱ። ካልተጻፈ፣ ስምምነቱ ሲታደስ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካዮች እንዲያነሡት ያሳስቡ። አሠሪው «ይህማ ቅንጦት ነው» ቢል የአሳምን ሻይ ለቃሚዎች ይጥቀሱለት።