ተጨማሪ መረጃ፦ ስበት በአዲስ አበባና በቬስትሊ

ተማሪዎች ሆይ፥ በሁለት አካላት መካከል ያለው ስበት፥ በማእከሎቻቸው መካከል ያለው ርሕቀት እጥፍ በሆነ ጊዜ ወደ ሩብ፥ ሦስት እጥፍ በሆነ ጊዜም ወደ ዘጠነኛ እጅ እንደሚወርድ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ገልጿል፤ ይህም «የተገላቢጦሽ ካሬ ሕግ» ይባላል።

ምድር በዋልታዎቿ ጠፍጠፍ ያለች በመሆኗ፥ የዋልታዎቹ ገጽ ከምድር ወገብ ይልቅ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ለማእከለ ምድር ይቀርባል። ስለዚህ በኦስሎ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በቬስትሊ የሚኖር ወገናችን፥ ለምድር ወገብ ቀርባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከተመሠረተችው ከአዲስ አበባ ነዋሪ ይልቅ ለዚያ ማእከል ቅርብ ስለሆነ ስበቱ ይበረታበታል፤ የምድር መሽከርከርም በወገቧ አካባቢ ክብደትን ስለሚያቃልል ልዩነቱ ይሰፋል። በነጻ የሚወድቅ አካል ፍጥነት በየሴኮንዱ በአዲስ አበባ 9.77፥ በኦስሎ 9.82 ሜትር በሴኮንድ ያህል ይጨምራል። እጅግ የሚያስደንቀው፥ በአዲስ አበባ የተስተካከለ ባለ ፔንዱለም (ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት) የግድግዳ ሰዓት ወደ ቬስትሊ ቢወሰድ፥ በቀን ከ3 ደቂቃ በላይ ይቀድማል።

በውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ፥ ሁለታችሁም ልክ 1 ሜትር በሆነ ክር ትንሽ ድንጋይ አንጠልጥላችሁ፥ በጥቂቱ እያወዛወዛችሁ የ100 ምልልስ ጊዜ ለኩ፤ የቬስትሊው ግማሽ ሴኮንድ ያህል ቀድሞ ይፈጽማል።