አልበላም ያለ ልጅና ወጥ ቤት

ለልጅ ተብሎ የሚታሰበው ቀን ብዙ ጊዜ እንደ ቦራ ወይም ወዳጅነት ፓርክ ያለ መዝናኛ ቦታ የሚኬድበት እሑድ ነው፤ ወጥ ቤቱ ግን «ውጣ፣ ትቃጠላለህ» የሚባልበት ቦታ ሆኖ ይቀራል። መዝናኛውን አልነቅፍም፤ ልጅ መሮጥና መሳቅ አለበት። እንደ ሥነ ምግብ ባለሙያ ግን አልበላም ላለ ልጅ የበለጠ የሚጠቅመው ምግብ ሲሠራ እጁን ማስገባቱ ነው እላለሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በስዊዘርላንድ ከ6 እስከ 10 ዓመት የሆኑ 47 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት አለ፤ ከወላጃቸው ጋር ምሳ ያዘጋጁት ልጆች፣ ወላጅ ብቻውን ከሠራላቸው 76 በመቶ የሚበልጥ ሰላጣ በልተዋል። አንድ ምሳ ልማድን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ልጅ ደጋግሞ ያየውን፣ የነካውንና ያሸተተውን ምግብ ቀስ በቀስ እንደሚለምድ ከሌሎች ጥናቶችም እናውቃለን።

«ከሥራ ደክሜ ገብቼ ከልጅ ጋር ማን ያበስላል?» የሚል ወላጅ እውነቱን ነው። ስለዚህ ሙሉ ወጥ አብራችሁ ሥሩ አልልም። የአራት ዓመት ልጅ የፍርፍሩን እንጀራ ይቆራርስ፣ ምስሩን ሰፌድ ላይ ይልቀም፣ የሰላጣውን ቅጠል ይጠብ፤ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ቃጠሎ መፍራትም ተገቢ ነው፤ የፈላ ውሃና የጋለ ዘይት ሕፃናትን ክፉኛ ይጎዳል። ሰፌዱን ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡለት። ማዕድ ሲቀርብ ደግሞ «አንተ የሠራኸው ነው፣ ጨርስ» ብላችሁ አትጫኑት፤ ግፊት ፍላጎቱን ይዘጋዋል።