ያልተቋጨው የእንዶድ ጉዳይ

ሳሙና በየሱቁ ሳይገባ በፊት የደጋው ሰው ነጠላውንና ጋቢውን የሚያነጣው በእንዶድ ነበር። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ተወቅጦ ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል። ይህ በየአጥሩ የሚሳብ ተክል ከልብስ ማጠቢያነት አልፎ ትልቅ የጤና ጉዳይ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ነው።

ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ ወደ አድዋ የሄዱት ቢልሃርዚያ የተባለውን የትል በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ከላይኛው ውሃ ያመጧቸውን ቀንድ አውጣዎች ዕቃ ውስጥ አድርገው ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ወዲያው ሞቱ።

የግኝቱ ክብደት የሚገባን በሽታው እንዴት እንደሚዞር ስናውቅ ነው። ከታማሚው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ የገባው የትል እንቁላል ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተራብቶ በሺህ የሚቆጠሩ እጮች ሆኖ ይወጣል፤ እጮቹም ውሃ የሚቀዳውን፣ የሚዋኘውንና በመስኖ የሚሠራውን ሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

አክሊሉ ለማ የመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ቀንድ አውጣውን በእንዶድ የማጥፋቱን ዘዴ አድዋ ላይ ሞከረው። በአምስት ዓመት ውስጥ የበሽታው ስርጭት ከ63 ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። አዋቂው የቆየ ትል ተሸክሞ ሊኖር ይችላል። ሕፃን ልጅ ሳይታመም ማደጉ ግን ውሃው ራሱ እንደጸዳ ያሳያል።

የእንዶድ ኃይል ያለው ሳፖኒን በሚባሉት ውህዶች ውስጥ ነው። ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተለይቶ የወጣው ዋናው ውህድ ለአግኚው መታሰቢያ «ለማቶክሲን» ተባለ። መሠረቱ ኦሊያኖሊክ አሲድ ሲሆን፣ በአንድ በኩል የስኳር ሰንሰለት ተያይዞበታል። ባልተነካው ፍሬ ውስጥ ያሉት ሳፖኒኖች በሌላኛው በኩልም ስኳር ስላላቸው አቅመ ደካማ ናቸው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲገባበት የራሱ ኢንዛይም ያን ስኳር ቆርጦ ይጥለዋል፤ ገዳዩ ውህድም ያኔ ይፈጠራል። ኬሚስቶች በቤተ ሙከራ የደረሱበትን ይህን አሠራር የአገራችን ሴቶች በሙቀጫ ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

ውህዱ የሕዋስን ሽፋን ስለሚያፈርስ ጥንቃቄ ይሻል። ዓሣንም ይገድላል፤ የቀንድ አውጣን እንቁላል ግን በተለመደው መጠን ስለማያጠፋ ርጭቱ መደጋገም አለበት። በባህል ሕክምና ለኮሶ ትልና ለውርጃ ሲጠጣ ቆይቷል፤ ይህ ሕይወት ሊያሳጣ የሚችል አደጋ ነው። እንዶድ ለወንዙ እንጂ ለሆድ መድኃኒት አይደለም። በበጎ ጎኑ፣ ውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት በስብሶ ይጠፋል።

ታዲያ ለምን አልተስፋፋም? የዓለም አቀፍ ጤና ባለሙያዎች በየፊናቸው የመርዛማነት ምርመራ ውጤት ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን የፋብሪካው ኬሚካል ኒክሎሳሚድ ባየርን የመሰለ ኩባንያ ከኋላው ነበረው። ማንም ገበሬ አብቅሎ የሚወቅጠው እንዶድ ትርፍ ስለማያስገኝ ለምርመራው የሚከፍልለት ለረጅም ጊዜ አጣ። አክሊሉ ለማና የሥራ አጋራቸው፣ ቁጥር 44 የተባለውን ብርቱ የእንዶድ ዝርያ የመረጡት ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። የሰሜን አሜሪካን ሐይቆች የወረረውን ዜብራ ማስል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ እንዶድ እንደሚገድል ከታወቀ በኋላ ግን የፈጠራ መብቱ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ሲመዘገብ ባለቤቱ የኦሃዮው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ አክሊሉም ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል። ዕውቀቱን ያቆዩት አጣቢዎች በመዝገቡ ላይ ቦታ አላገኙም።

ዛሬ ትግሉ በአብዛኛው በፕራዚኳንቴል ክኒን ላይ ቆሟል። ክኒኑ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ልጁ ግን በማግስቱ ያው ወንዝ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ክኒን የሚያድሉ የጤና ጽሕፈት ቤቶች መጸዳጃ ቤትንና ንጹሕ ውሃን ከማስፋፋት ጎን ለጎን፣ ዓሣ በማይረባባቸው የመስኖ ቦዮችና ጅረቶች በባለሙያ የሚመራ የእንዶድ ርጭት ይጀምሩ። ዝርያው ተመርጧል፣ አሠራሩ ታውቋል፣ ውጤቱ በአድዋ ሕፃናት ላይ ታይቷል። የጎደለው በጀት መድቦ የሚያስፈጽመው ነው፤ ይህ ደግሞ ከውጭ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።