ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተር

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋ ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ ይነሳል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ ደብዳቤ ያደርስና ይጠፋል። ረፋድ ላይ ወደ ማዳበሪያ መጋዘን፣ ከሰዓት በኋላ ለስብሰባ ደግሞ ይነሳል። የግብርና ባለሙያው ሞተር ብስክሌትም ከጎጥ ጎጥ ሲነሳና ሲጠፋ ይውላል። የተነዳው ኪሎ ሜትር ትንሽ ስለሆነ “ገና ነው” ተብሎ የዘይት ቅየራው ይዘገያል። ሞተሩ ግን እየተጎዳ ነው።

ሞተር ሲያድር ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል። ማለዳ ሲነሳ የቀዘቀዘው ዘይት ወፍራም ስለሚሆን ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ቀዝቃዛ የቤንዚን ሞተር ነዳጅም አብዝቶ ይወስዳል፤ ያልተቃጠለው በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ዘይቱን ያቀጥነዋል። በዚህ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ካልሞቀ በዘይቱና በማርሚታው ውስጥ ውኃ ሆኖ ይቀርና ብረት ያዝጋል። ባትሪውም ለማስነሳት ያወጣውን ኃይል በአጭር ጉዞ አይተካም።

ደጋው ችግሩን ያብሰዋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ብስክሌት እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል። “መኪናው እንዳይግል” ተብሎ ቴርሞስታት መንቀልም በብርድ አገር ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት እንዳያገኝ ያደርጋል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የስምሪት ኃላፊዎች የተበታተኑ ጉዳዮችን አሰባስበው በአንድ ዙር ማስፈጸም ይችላሉ። ወደ ወረታ የሚያስኬድ ሥራ ሲኖር በከተማ ብቻ የሚመላለሰውን መኪና ማሰማራት ሞተሩን በደንብ ያሞቀዋል። ዘይት በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በጊዜም ይቀየር፤ የአምራቾች መመሪያ አጭር ጉዞንና አቧራማ መንገድን ከከባድ አጠቃቀም ይመድባል፤ ቅየራውም ቶሎ እንዲሆን ያዛል። ሞተሩን ካስነሱ በኋላ ቆሞ ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ መተው አያስፈልግም፤ ጥቂት ቆይቶ ነዳጅ ሳያበዙ በዝግታ መንዳት ቶሎ ያሞቀዋል።

የውኃ ፓምፕ ያላቸው አርሶ አደሮችም ልብ ሊሉት ይገባል። ክረምቱን የቆመ ፓምፕ “እንዳይዝግ” ብሎ ለሁለት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት እርጥበት ይጨምርበታል። ካስነሱት እስኪሞቅ ያሠሩት፤ አለዚያ ነዳጁን አውጥተው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት።

የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ከታየ፣ ወይም ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ቅየራው ነገ አይባልም። በሰኔ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲጠበቅ ጋራዥ የገባ መኪና የሚያስከፍለው የጥገና ወጪ ብቻ አይደለም፤ የአርሶ አደሩን የዘር ወቅትም ነው።